ሞያሌን አቋርጦ ናይሮቢ፦ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኬላውና ስለ ከተማዋ

«በየብስ ልሂድ ወይስ በአውሮፕላን?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ናይሮቢ ነው። ለሐበሻ ምግብ ቤቶች በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አቀርባለሁ። ዕቃውን ቀምመው፣ አስፈጭተው፣ አሽገው የሚልኩልኝ ሐዋሳ ያሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባ–ሞያሌ–ናይሮቢ መንገድ የእንጀራዬ መንገድ ነው። አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ለዚህም ነው ደህናውንም ጎዶሎውንም ሳልሸፋፍን የምጽፈው።

በኮከብ ንገሪን ካላችሁ፣ ከአምስት ለመንገዱ አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለጋራ ድንበር ኬላው አራት። ለሞያሌና ለዙሪያዋ ሰው ለተሠራው ሥራ ግን ከሁለት በላይ መስጠት አልችልም። ይህቺን ሁለት ነው በደንብ ላስረዳችሁ የምፈልገው። ምክንያቱም መንግሥታት ጠረፍን እናልማ ብለው ሲነሱ ምን እንደሚቀድማቸውና ምን እንደሚረሱ ሞያሌ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በመጀመሪያ መንገዱ።

ድሮ እንዴት እንደነበር የማያውቅ ሰው የዛሬውን ዋጋ አይረዳውም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል ነው፣ 780 ገደማ። ሞያሌ ልክ መሃል ላይ ናት ማለት ነው። በእኛ በኩል አስፋልት ቀድሞም ነበር፤ ግን ተቦርቡሮ ተቦርቡሮ ሹፌሮች አስፋልቱን ትተው በዳሩ በአቧራው መንዳት ይመርጡ ነበር። በኬንያ በኩል ደግሞ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ጠጠርና ጭቃ ነበር። ሰው የሚጓዘው በከብት መኪና ላይ ነው። ከብቶቹ ከታች ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው ከላይ፣ በብረት ዘንግ ላይ ይቀመጣል። እኔም በዚያ ዘመን ተሳፍሬበታለሁ። አጠገቤ የነበረች እናት ልጇን በነጠላዋ ከብረቱ ጋር አስራው ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰዳት እንዳይወድቅባት። መኪና ለብቻው አይሄድም። ሽፍታ ስለሚፈራ ተጠባብቀው፣ ታጣቂ አሳፍረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይፈጃል። ዝናብ ከጣለማ የሚሆነውን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እንግሊዞች ሰሜን ኬንያን «የሰሜን ድንበር ወረዳ» ብለው ዘግተው ነበር የሚያስተዳድሩት። ኬንያ ነፃ በወጣች ማግስት ደግሞ የሰሜኑ ሶማሌዎች ከኬንያ ለመገንጠል የተዋጉት፣ የሽፍታ ጦርነት የሚባለው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የኬንያ መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ ገንዘቡ ቶሎ ፍሬ ወደሚሰጥ፣ ለምና ዝናብ ወዳለው ቦታ እንዲሄድ አለ። በረሃውና አርብቶ አደሩ ወረፋው መጨረሻ ላይ ተቀመጡ። ወረፋው ሳይደርሳቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ስለዚህ መንገዱ ሲሠራ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ በአውሮፓ ኅብረትና በኬንያ መንግሥት ገንዘብ፣ በየክፍሉ እየተከፋፈለ፣ አስፋልቱ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ደረሰ። በእኛ በኩልም ከሐገረ ማርያም (ከዛሬዋ ቡሌ ሆራ) በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ድረስ እንደገና ተሠራ። የላሙ ወደብ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ ኮሪደር የሚባለው ትልቅ ዕቅድም አለ። እሱ የተጀመረው የካቲት 2004 ላይ ነው፤ አቶ መለስ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገኝተው መሠረቱን አኑረዋል። የሞያሌ መስመር የዚህ ሐሳብ አንዱ እጅ ነው።

አሁን ጉዞው እንዴት ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደክምበትም። ከዲላ በኋላ ይርጋ ጨፌ፣ ከዚያ ቡሌ ሆራ። አረንጓዴ ነው፣ ቡና ነው፣ ጭጋግ ነው። ከቡሌ ሆራ በኋላ አገሩ ይለወጣል። አፈሩ ቀይ ይሆናል። ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ኩይሳዎች ግራና ቀኝ ቆመው ታያላችሁ። ከያቤሎ በታች መንገዱ ቀጥ ይላል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ መኪናው ይበራል። የሚያስቸግረው ከብት ብቻ ነው። የቦረና ከብት አስፋልቱን ሲያቋርጥ አይቸኩልም፤ ሹፌሩ ነው መታገሥ ያለበት።

ለመንገዱ ያጎደልኩት ግማሽ ኮከብ የአውቶቡሶቹ ነው። ባለፈው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስሄድ፣ ትኬት የቆረጡልኝ ሰዎች ያንኑ መቀመጫ ለሌላ ሰውም ሸጠውት ኖሯል። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ደረሰኝ ሲያሳዩኝ የእኔው ቁጥር ነው። ረዳቱ «ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ምን ችግር አለው» አለ። አባባን አስቀምጬ እኔ እስከ ሐዋሳ ሞተሩ ጋ ባለችው ትንሽ መቀመጫ ሄድኩ። ስትቆርጡ ቁጥሩ በደንብ መጻፉን እዩ፣ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት። ደግሞ በጉጂ በኩል ያለው የጸጥታ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ማታ አትጓዙ።

ዱቡሉቅ ላይ መኪናው ከቆመ ውረዱ። ትልቅ የከብት ገበያ አለ። ከዚያ በላይ ግን ጉድጓዶቹን ማየት አለባችሁ። ቦረናዎች ቱላ ይሏቸዋል። በእጅ የተቆፈሩ፣ እጅግ ጥልቅ፣ ስንት ትውልድ የጠጣባቸው የውሃ ጉድጓዶች ናቸው። ከብቱ ረጅሙን የተቆፈረ ቁልቁለት ወርዶ ገንዳው ጋ ይደርሳል። ጎረምሶች ከሥር እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ይደረደራሉ። ውሃ የሞላ ባልዲ ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች፣ ከእጅ ወደ እጅ ይወረወራል። ሲሠሩ ይዘፍናሉ፤ ዜማው እጃቸውን እኩል ያስኬደዋል። አንድ ባልዲ ሲቀበል ያየሁት ልጅ መዳፉ እንደ ቆዳ ጫማ ጠንክሯል። የላብ ጠብታው ውሃው ውስጥ እንዳይወድቅ ፊቱን ዞር እያደረገ ነው የሚያቀብለው። ይህን የምታዩት ሽቦና ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በ80 በ90 ከሚያልፍበት አስፋልት ብዙ ሳትርቁ ነው።

ሞያሌ ስደርስ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ንጹሕ ነው፣ አልጋው ደህና ነው፣ ሰዎቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ውሃ ግን የለም። ባለቤቷ በጀሪካን አምጥታ በር ላይ አኖረችልኝና «እህቴ፣ ቆጥበሽ ተጠቀሚ፣ በጋሪ ነው የምንገዛው» አለችኝ። ስሙን የማልጠራው እሷን መውቀስ ስለማልፈልግ ነው። ጎረቤቶቿም እንደዚያው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ ስወጣ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ ጋሪዎችና ባጃጆች ከተማውን ሞልተውት ነበር።

ሻይዋ ግን ግሩም ናት። ወተቱ የቦረና ላም ወተት ነው፤ ወፍራም፣ የጭሱ መዓዛ ያለበት። ቁርስ ዳቦ በእንቁላል በላሁ። ከአጠገቤ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አሳላፊዋ በአማርኛ፣ ስልክ የሚያወራው ሰውዬ በስዋሂሊ። ማንም ማንንም አላስቸገረም። ሞያሌን የሚያውቃት ሰው ይህን ነው የሚናፍቀው። እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ እንዲህ ሰላም አልነበረችም። መጋቢት 2010 ላይ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ተገድለው በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ ልጁን አዝሎ ወደ ኬንያ ተሻግሯል። በዚያው የአውሮፓ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ግጭት ተነስቶ ነበር። ከተማዋ የኦሮሚያ ናት ወይስ የሶማሌ የሚለው ክርክር ብዙ ደም አፍስሷል። መንገድና ሕንፃ ሲገመገም ይህ መዘንጋት የለበትም። ነጋዴ ሱቁን የሚያሰፋው ነገ እዚያው እንደሚያድር ሲያምን ነው።

ወደ ኬላው ልግባ።

የጋራ ድንበር ኬላውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ኅዳር 30 ቀን 2013 ነው የመረቁት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ድሮ ከኢትዮጵያ ስትወጡ በእኛ በኩል ተሰልፋችሁ የመውጫ ማህተም ታስመታላችሁ። ከዚያ ሻንጣችሁን አንጠልጥላችሁ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ኬንያ በር ላይ እንደ አዲስ ትሰለፋላችሁ። አሁን የምትቆሙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በምትገቡበት አገር በኩል። ወደ ኬንያ የምትሄዱ ከሆነ የኢትዮጵያውን ሕንፃ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። በኬንያ በኩል ባለው አዳራሽ የኢትዮጵያ ኢሚግሬሽን ሠራተኛ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እሱ የመውጫውን ይመታል። ከጎኑ ያለው ኬንያዊ የመግቢያውን ይመታል። አለቀ። ስትመለሱ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው።

የጭነትም አሠራር እንደዚያው ነው። የሁለቱ አገር ጉምሩክ አንድ ግቢ ውስጥ ስላለ ዕቃው ሁለት ጊዜ አይወርድም፣ ሁለት ጊዜ አይፈታም። ቅመም ለሚልክ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በርበሬ በተከፈተ ቁጥር ይተናል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ ቀለሙ ይወይባል።

ሠራተኞቹ በትህትና ነው ያስተናገዱኝ። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ጥላ አለው፣ መቀመጫ አለው። ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ እርስ በርስ ቪዛ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ብቻ አትርሱ። የምግብ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን አገር ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩኩን ወረቀት የሚያስጨርስላችሁን ሰው፣ ስትይዙ ደግሞ የምታውቁት ሰው ያመጣላችሁን ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ የያዝኩት ትራንዚተር ክብደቱን አሳስቶ ሞልቶብኝ፣ ዕቃዬ ሁለት ሌሊት ግቢ ውስጥ አድሯል። ኬላው ምንም አላጠፋም፤ ወረቀቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ በዕለቱ ነበር የሚያልፈው።

መኪና ይዛችሁ የምትሻገሩ፣ እኛ በቀኝ፣ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። ከኬላው ስትወጡ መስመር ትቀይራላችሁ። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ቀስ በሉ።

እንግዲህ አራት ኮከቡ የዚህ ነው። አሁን ሁለቷን ላስረዳ።

ጠዋት ከኬላው ወዲህ፣ መንገድ ዳር፣ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ሁለት፣ ቢጫ ጀሪካን አንድ ይዘዋል። የጀሪካኑን አፍ በቅጠል ነው የደፈኑት። በፊታቸው ጥላ የለም። ሻርፓቸውን ግማሹን ራሳቸው ላይ፣ ግማሹን ጀሪካኑ ላይ ጣል አድርገውታል።

«እናቴ፣ ከየት ነው የሚያመጡት?» አልኳቸው።

«ከገጠር፣ ልጄ። ሌሊት ተነስቼ ነው።»

«ሁሉም ይሸጣል?»

«እስከ ስድስት ሰዓት ከተሸጠ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ይረጋል፣ በርካሽ ይሄዳል።»

ናይሮቢ ውስጥ ሰው ወተት እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ኢስሊ የምትባለው ሰፈር የግመል ወተት ከኢሲዮሎ በየቀኑ እንደሚገባ፣ ሴቶች እንደሚነግዱት ነገርኳቸው። እሳቸው መንገዱን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «መኪናውማ በደጄ ነው የሚያልፈው። ማን ያቆመዋል?»

ይህቺ ጥያቄ ናት የሁለት ኮከቧ ምክንያት። ከሞያሌ ማታ የተነሳ አውቶቡስ ናይሮቢ ሲነጋ ይደርሳል። ወተቱ የሚቀዘቅዝበት ታንክ፣ የሚሰበሰብበት ቤት፣ ጥራቱን የሚለካ ሰው ቢኖር እኚህ እናት ወተታቸውን በስድስት ሰዓት በርካሽ ባልሸጡ። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ ገዢው አለ። በመሃል የጎደለው ከመንገዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እኔ በመንገዱ ዳር ስሄድ ስመለስ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጌ አላየሁም።

ልማቱ የታሰበው ለሚያልፈው ነው። ለኮንቴይነሩ፣ ለተሳቢው፣ እንደ እኔ ላለው ነጋዴ። ለሚኖረው የታሰበው ከዚያ የተረፈው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር ተመልከቱ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ። ከ2015 ኅዳር ጀምሮ ኬንያ በዚያ መስመር፣ በ200 ሜጋ ዋት ጀምራ፣ ኃይል እየገዛች ነው። ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለኬንያም ርካሽ ኃይል ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው። መስመሩ የቦረናን ምድር አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከሥሩ ባሉት መንደሮች ግን ማታ የምታዩት የእንጨት እሳትና የስልክ ባትሪ ነው። በኬንያም እንደዚያው። ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ 365 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ኃይሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የአካባቢው አርብቶ አደሮች መሬታችን ያለእኛ ፈቃድ ተወሰደ ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የመሬቱ ካርታ የተሰጠው ሕጉን ሳይከተል ነው ብሎ ፈርዷል።

ኢሲዮሎም የራሷ ታሪክ አላት። ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶላት እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። ሐሳቡ የሰሜኑን ሥጋ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ሥጋው የሚታረድበት ቄራ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ተጀምሮ፣ እየቆመ እየቀጠለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሲመረቅም አላለቀም ነበር። አውሮፕላኑ ከከብቱ ቀደመ። አርብቶ አደሩ ዛሬም ከብቱን በእግሩ ነድቶ፣ በመኪና አስጭኖ፣ በደላላ በኩል ናይሮቢ ይሸጣል።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1907 የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና እንግሊዝ ይህን ድንበር ሲዋዋሉ፣ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብተዋል። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ያለውን ግጦሽ መጠቀም ይችላሉ፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶቹም በነፃ ይደርሳሉ ይላል። ያ ውል የተጻፈው ድንበር ለማበጀት ነው፤ ሰውየውንና ላሙን ግን አልረሳም። ዛሬ አስፋልት፣ ስካነርና ኮምፒውተር ይዘን ስንመጣ ከዚያ ያነሰ ማሰብ የለብንም። በ2013 የጀመረው ድርቅ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ሲወስድ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። እኔ በዚያን ጊዜ በመንገዱ አልፌያለሁ። አስፋልቱ አልተሰነጠቀም ነበር፣ ተሳቢዎቹም ማለፋቸውን አላቆሙም። በመንገዱ ዳር ግን ሬሳው የተከመረ ከብት ነበር፤ ሽታው በመስኮት ይገባል። አዲስ መንገድ እያለ መኖና ውሃ በጊዜ አለመድረሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለ ንግዱ ደግሞ አንድ ነገር መባል አለበት። ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኮንትሮባንዲስት ነው የሚል አስተያየት አዲስ አበባም ናይሮቢም እሰማለሁ። አልስማማም። ለዓመታት የባንኩና የጥቁር ገበያው የብር ዋጋ ሰማይና ምድር ነበር። በሕጋዊ መንገድ ከብት ሸጦ ዶላሩን በባንክ ዋጋ የሚመነዝር ሰው ግማሽ ገቢውን ያጣ ነበር። ታዲያ ለምን በኬላው ይሄዳል? በጫካው ሄደ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ገበያው ሲከፈት ያ ልዩነት ጠበበ። ቦሎቄ የሚነግድ አንድ የሞያሌ ወዳጄ «አሁን በበሩ መሄድ ያዋጣኛል» ብሎኛል። ሰው በሕግ እንዲሠራ ሕጉ ያዋጣው። ፖሊስ ከማብዛት ይህ ይሻላል።

የልጆቹ ነገር ግን ልብ ይሰብራል። ሞያሌ ከሀዲያና ከከምባታ ተነስተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄዱ ወጣቶች መተላለፊያ ናት። በጠዋት ምግብ ቤት ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ ጃኬት ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ ሻይ ይጠጣሉ። ደላላው ውጭ ቆሞ ስልክ ያወራል። አንዱን «ወንድሜ፣ ወዴት ነው?» ብለው «ዘመድ ጥየቃ» አለኝ። ከዚያ በላይ ምን እላለሁ። ድንበር ላይ ሥራ ቢኖር፣ ከሆሳዕናም መጥቶ ሞያሌ የሚቀጠርበት የወተት ፋብሪካና የቆዳ መጋዘን ቢኖር ይህ ልጅ እዚህ ሊቀር ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

በኬንያ በኩል ስላለው ጉዞ ባጭሩ። አውቶቡሶቹ ከእኛ የተሻሉ ናቸው፣ ሰዓት ያከብራሉ። መታወቂያ የሚጠየቅበት ኬላ ብዙ ነው፤ ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ቱርቢን አልፋችሁ ዲዳ ገልጋሉ የሚባለው በረሃ ይመጣል። ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ እስከ አድማስ። ማርሳቢት ተራራ ላይ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ደን ይሆናል፤ ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልጋችኋል። እዚያ አውቶቡሱ ሲቆም ቻፓቲና ባቄላ ብሉ። ድሮ ከሞያሌ ማርሳቢት ለመድረስ ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ ያ ቀን ምን ማለት እንደነበር አስቡት። አሁን የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ መንገዱ ለነዋሪው ምንም አላመጣም አልልም፤ ሕይወት አትርፏል። የምለው ገና ብዙ ሊያመጣ ይችላል ነው።

ዕድሉ ቢሰጠኝ ለሁለቱም መንግሥታት የምላቸው አጭር ነው። መጀመሪያ ለሞያሌ ውሃ አስገቡ፤ ለሁለቱም ሞያሌ፣ ለኢትዮጵያውም ለኬንያውም ወገን፣ አንድ ላይ። ቧንቧው ድንበር አያውቅም። ከዚያ ከኬላው አጠገብ ጥላ ያለው ገበያ፣ ውስጡ የወተት ማቀዝቀዣ ታንክ፣ ጎኑ የከብት ክትባት መስጫ። ከዚያም መብራት ወደ መንደሮቹ ማስገባት። ለአንድ ተሳቢ ሰዓት ለመቆጠብ ይህን ያህል ገንዘብ ከተገኘ ለዚህ አይጠፋም።

እኛ ተጓዦች ደግሞ የምንችለው አለ። ብዙዎቻችሁ «ሞያሌ አትደሩ፣ ቶሎ እለፉ» ይባላል ትሉኛላችሁ። ሰላም ሲሆን እደሩ። እራታችሁን እዚያ ብሉ፣ ጠዋት ሻይ በወተት ጠጡ፣ የአልጋና የምግብ ሒሳባችሁን ሞያሌ ላይ አውጡ። አልጋ ስትይዙ ውሃ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ አንድ ጀሪካን አስገዙ። ወደ ናይሮቢ የሚነሳው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ስለሚሞላ ትኬት ጠዋት ቁረጡ። በግራ በኩል፣ በመስኮቱ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ይሻላል፤ የከሰዓት ፀሐይ ከዚያ በኩል አይመታም። ስለ ዕቃ መላክ ዝርዝር ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ የምጠቀምባትን ትራንዚተር አገናኛችኋለሁ። ጎበዝ ናት፣ የሞያሌ ልጅ ናት።